ከጣሪያው እስከ ካታሎጉ፦ የአንድ አነስተኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሥራ ማስታወሻ፣ ጎንደር

ነሐሴ፦ ጣሪያና መደርደሪያ

አዳራሹ 9 በ7 ሜትር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። ዋጋ በብር አንጽፍም፤ ከፕሮፎርማ እስከ ግዥ ባለው ጊዜ እንኳ ስለሚቀየር ለሚቀጥለው ሰው የሚጠቅመው መጠኑና ዓይነቱ ነው።

ውሃ የሚንጠባጠብበትና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አይገናኝም። ከቆርቆሮው ሥር የገባው ውሃ ሞራሌውን ተከትሎ አንድና ሁለት ሜትር ሄዶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በግምት ሲሊኮን መለጠፍ ብክነት ነው። የሠራልን ዘዴ ዝናብ እየጣለ ኮርኒሱን አንድ ቦታ ከፍቶ በባትሪ ማየት፣ የረጠበውን ሞራሌ ወደ ላይ እየተከተሉ ቀዳዳውን ማግኘትና በከሰል ምልክት ማድረግ ነው። ጥገናው ሌላ ቀን፣ ፀሐይ ወጥቶ ቆርቆሮው ከደረቀ በኋላ ይሠራል። ርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሲሊኮን አይዝም፤ በክረምት የተደፈነ ቀዳዳ ቶሎ የሚከፈተው ለዚህ ነው።

ጥፋቱ ባብዛኛው የቆርቆሮው ሳይሆን የሚስማሩ ነው። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በጎንደር ብርድ ይሰበሰባል፤ ሚስማሩ ቀስ እያለ ከሞራሌው ይነቀላል፣ ጎሚኒውም ደርቆ ይሰነጠቃል። መልሶ በመዶሻ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ሚስማሩን ነቅሎ ጎሚኒ ባለው የቆርቆሮ ብሎን መተካት ይሻላል፤ ብሎኑም ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሳይሆን በጉብታው ላይ ይታሰራል።

የረጠበ መጽሐፍ በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። በተራ ወረቀት የታተመው በየጥቂት ገጹ ጋዜጣ እየገባበት፣ ጋዜጣው እየተቀየረ፣ በነፋስ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽፋኑን ያጣምመዋል፣ ወረቀቱንም ያጠቁረዋል። አትላስና ባለ ሥዕል ኢንሳይክሎፒዲያ ግን ወረቀታቸው የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ገና ርጥብ እያሉ ገጽ በገጽ መላቀቅ አለባቸው። አንዴ ተጣብቀው ከደረቁ የሚያላቅቃቸው ነገር የለም።

መደርደሪያ። አሮጌዎቹ 120 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው የ18 ሚሊ ቺፑድ ናቸው፤ ሁሉም መሃላቸው ጎብጧል። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ የመማሪያ መጽሐፍ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ቺፑድ ይህን ተሸክሞ ከ80 ሳ.ሜ. በላይ ያለ ድጋፍ አይቆይም። ገልብጦ መጠቀም ለጊዜው ይመስላል፤ ከዓመት በኋላ በሌላው በኩል ይጎብጣል። አዲሶቹን በአንግል ብረትና በላሜራ አሠራን፦ ርዝመት 90፣ ጥልቀት 25 ሳ.ሜ.፣ 5 እርከን። የታችኛው እርከን ከወለል 15 ሳ.ሜ. ከፍ ይላል፤ ወለል ሲታጠብ ውሃ እንዳይነካው፣ ምስጥም ሲወጣ እንዲታይ። ከግድግዳ 10 ሳ.ሜ. ይርቃል፤ ተጠግቶ ሲቆም ከኋላው አየር ስለማይዞር ክረምት ላይ የመጽሐፉ ጀርባ ይሻግታል። በሁለት መደርደሪያ መካከል 90 ሳ.ሜ. መተላለፊያ ተትቷል። ከላይ በኩል ከግድግዳው ጋር በአንግል ማሰር ግዴታ ነው። ብየዳ ቤቱ “ራሱን ችሎ ይቆማል” ይላል፤ ባዶውን ይቆማል፣ ተማሪ ሦስተኛው እርከን ላይ ረግጦ ሲወጣ ግን አይቆምም።

መስከረም፦ ቆጠራና ማስወገድ

የመጽሐፍ ቁጥር የዚህ ቤት ችግር አይደለም። መደርደሪያው ሙሉ ነው፣ አንባቢው ግን የሚፈልገውን አያገኝም። ቦታውን የያዙት በየጊዜው በካርቶን የመጡ ስጦታዎች ናቸው፦ የሌላ አገር ሥርዓተ ትምህርት፣ ዘመን ያለፈባቸው የኮምፒውተር መማሪያዎች፣ የጎደለ ጥራዝ ያለው ኢንሳይክሎፒዲያ፣ ማንም የማይዋሰው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ። ስጦታ ነፃ አይደለም። ለመቁጠር፣ ለመመዝገብ፣ ቁጥር ለመለጠፍና ቦታ ለመስጠት ከግዥ መጽሐፍ እኩል ጊዜ ይፈጃል።

ማስወገዱ ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ ውሳኔ ብቻ አያልቅም። በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ማድረጊያ ደረሰኝ) ገቢ የሆነ መጽሐፍ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ከመዝገብ እንዲሰረዝ የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ማየት አለበት። ኮሚቴው “መጽሐፍ እንዴት ይጣላል?” ብሎ እንዳይመልሰው ዝርዝሩ በምክንያት ተከፍሎ ይቅረብ፦ የተበላሸ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀየረ፣ ከ3 በላይ ቅጂ ያለው፣ በሌላ አዲስ እትም የተተካ። ለየዓይነቱ አንድ ናሙና ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከረጅም ደብዳቤ የበለጠ ያስረዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የድሮዎቹን የ9ኛ–12ኛ ክፍል መጻሕፍት ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው ማለት አይደለም። የሒሳብና የፊዚክስ መልመጃዎቻቸው አሁንም ይፈለጋሉ። ከየትምህርቱ 2 ቅጂ ቀርቶ ሌላው ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ለሚመጣ ስጦታ አንድ ገጽ ቅጽ ወጥቷል፦ መጀመሪያ ዝርዝር ይላክ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይመርጣል፣ ያልተመረጠው አይጫን። ሰጪ ቅር ይለዋል። ካርቶን ተራራ ከሚከመር ቅሬታው ይሻላል።

ጥቅምትና ኅዳር፦ ካታሎግ

የቅበላ መዝገቡ ትልልቅ ደብተር ነው፣ ከፊሉ ቀደም ሲል ኮምፒውተር ላይ ተተይቧል። የተተየበው በድሮው፣ ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ስለሆነ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ይታያል። ፎንት መቀየር አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማለፍ አለበት። ከቀየሩ በኋላ ቁጥሮችንና ነጥቦችን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፣ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ሌላው ወጥመድ ኤክሴል ነው። በተለመደው ሲኤስቪ (ሠንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ሲቀመጥ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ “ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8” የሚለው ይመረጥ። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ መመለሻ የለውም።

ሶፍትዌሩ ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ካታሎግና ማዋሻ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. 2000 ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረውም ለገጠር ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ነው። ማሽኑ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ዴቢያን የሚባለው የሊነክስ ሥርዓት። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲጫን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ 8 ፖርት ስዊችና ካት 6 ኬብል ይበቃል፤ ለሠራተኛው አንድ፣ ለአንባቢ ፍለጋ አንድ ማሽን።

የአማርኛ መጽሐፍ መረጃ ከውጭ ካታሎግ መቅዳት አያዋጣም። ያለው ባብዛኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ አንባቢያችን እንደዚያ አይፈልግም። በእጅ መግባት አለበት። ሲገባ የተወሰኑ ነገሮች ከመጀመሪያው ካልተወሰኑ ኋላ ሺህ መዝገብ ማረም ይመጣል።

ስም። የኢትዮጵያ ስም አይገለበጥም፤ የአባት ስም ቀድሞ በነጠላ ሰረዝ አይለይም። በማርክ (የመጽሐፍ መረጃ በቁጥር በተለዩ መስኮች የሚመዘገብበት ዓለም አቀፍ ቅርጽ) የደራሲ ስም በሚገባበት 100 መስክ የመጀመሪያው ጠቋሚ 0 ይሆናል፣ 1 አይደለም። ማዕረግ (አቶ፣ ዶክተር፣ ቀኛዝማች፣ መምህር) ከስሙ ፊት አይገባም፤ ከገባ ግማሹ ደራሲ “ዶ” ሥር ተከማችቶ ይገኛል።

ዘመን። ሽፋኑ ላይ 1998 ዓ.ም. ካለ፣ በ264 መስክ እንደታተመው “1998 ዓ.ም.” ይጻፋል። ኮምፒውተሩ በዓመት በሚያጣራበት 008 መስክ ግን የሚገባው በፈረንጅ ነው፦ 7 ተደምሮ 2005። ወሩ ስለማይታወቅ 2006ም ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ደንብ ይዞ መሄድ ነው። 1998ን እንዳለ ካስገቡት በዓመት ሲጣራ መጽሐፉ 7 ዓመት ያረጃል።

ምደባ። በዲዊ (መጻሕፍት በጉዳያቸው ቁጥር የሚሰጣቸው የምደባ ሥርዓት) የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ ሥነ ጽሑፉ 892.87 ነው። ይህ እንግሊዝኛ ለሚበዛበት ቤት ይሠራል። እዚህ ግን የአማርኛ ልብ ወለድ በሙሉ አንድ ቁጥር ይዞ ሦስት መደርደሪያ ይሞላል። ስለዚህ ለልብ ወለድ ቁጥሩ ቀርቶ “ልብ” እና የደራሲው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ተለጥፏል።

ፊደል። ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ፀጋዬ፣ ጸጋዬ፤ ዓለሙ፣ አለሙ። ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያዩ ስሞች ናቸው። የከተማዋ ስም ራሱ በአንዳንድ መጽሐፍ “ጎንደር”፣ በሌላው “ጐንደር” ነው፤ አንባቢ በአንዱ ሲፈልግ ሌላኛው አይወጣም። መጀመሪያ የታሰበው የመጽሐፉን ርዕስ ወደ አንድ አጻጻፍ መቀየር ነበር፤ ቀረ። ካታሎግ ሽፋኑ ላይ ያለውን ነው መያዝ ያለበት።

መፍትሔው ማውጫው ላይ ነው። ዜብራ የሚባለው የኮሃ መፈለጊያ፣ አይሲዩ በሚባለው የዩኒኮድ ጽሑፍ ማስተናገጃ ዘዴ እንዲሠራ ይደረግና የቃላትና የሐረግ ማውጫ ፋይሎቹ ላይ የፊደል መተኪያ ሕግ ይጨመራል፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ። ግዕዙን ብቻ ጽፎ ማቆም አይቻልም፤ ሰባቱም እርባታ አንድ በአንድ ይጻፋል፦ ሐ ሑ ሒ ሓ ሔ ሕ ሖ። በተጨማሪ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሁሉም ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ወደ አ መውደቅ አለባቸው። ኸን አልነካነውም፤ አንዳንዱ ቦታ ከከ ጋር፣ ሌላው ከሀ ጋር ስለሚለዋወጥ ውጤቱን ያበላሸዋል። የድሮ መጻሕፍት ርዕስ ላይ ያለው ሁለት ነጥብ በባዶ ቦታ የሚተካበት ሕግ ከሁሉም በፊት ይቀመጥ፤ ሥርዓተ ነጥብ የሚያጠፋው ሕግ ከቀደመው ሁለት ቃል ተጣብቆ አንድ ቃል ይሆናል። አንዱን ፋይል ቀይሮ ሌላውን መርሳት ደግሞ ግራ ያጋባል፤ በቃል ሲፈለግ ይወጣል፣ በሙሉ ርዕስ ሲፈለግ ይጠፋል። ፋይሎቹ ከተቀየሩ በኋላ ማውጫው ከዜሮ እንደገና ካልተገነባ ለውጡ አይታይም።

ያልተፈታ አለ። “የጎንደር” እና “ጎንደር” አሁንም ሁለት ቃል ናቸው፤ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ፊት ላይ የተለጠፈበትን ቃል ዜብራ አይገነዘብም። ለጊዜው የቦታና የጉዳይ ስም ያለ ቅጥያ በ651 እና በ650 መስክ እየገባ ነው። “ቤተ መጻሕፍት” እና “ቤተመጻሕፍት” ዓይነቱ ደግሞ በ246 መስክ በሁለቱም ይጻፋል። መደርደሪያ ላይ ያሉት ሦስት ፊደሎችም በዚያው ደንብ በአንድ አጻጻፍ ናቸው፤ ያለዚያ ኃይሉ ከሀይሉ አንድ ግድግዳ ይርቃል።

ባርኮድ። ባለ 65 ተለጣፊ ኤ4 ወረቀት፣ አንዱ 38 በ21 ሚሊ። ስካነሩ በዩኤስቢ ሲሰካ እንደ ኪቦርድ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማሽኑ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከሆነ በባርኮዱ ውስጥ ያሉት የላቲን ፊደላት ወደ ግዕዝ ተቀይረው ይገባሉ፣ ኮሃም “መጽሐፉ የለም” ይላል። ባርኮዱ ቁጥር ብቻ ይሁን። በኢንክጄት የታተመ ባርኮድ ላብ ሲነካው ይፈሳል፤ በሌዘር ይታተም፣ ከላዩ ግልጽ ፕላስቲክ ይለጠፍበት።

መብራት ሲጠፋ ዳታቤዙ እንዳይበላሽ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ተገጠመ። ዴስክቶፑን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያቆየው፤ ሰው ከሌለ ተሟጦ ያጠፋዋል። ራሱ ትእዛዝ ሰጥቶ እንዲዘጋ ዩፒኤሱ የዩኤስቢ መገናኛ ሊኖረው ይገባል፤ የእኛ የለውም። ዳግም የሚሠራ ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ ሰርቨር ቢያደርግ ይቀለዋል፣ ባትሪው አብሮ አለ። የዕለቱ ቅጂ ማታ ማታ በውጭ ዲስክ ይወጣል፤ ዲስኩ ከሕንፃው ውጭ ያድራል። ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ካልተሞከረ እንዳለ አይቆጠርም።

ታኅሣሥ፦ የመጽሐፍ ጥገና

ቶሎ የሚያልቁት በሙቅ ሙጫ የተጠረዙ የመማሪያና የማጣቀሻ መጻሕፍት ናቸው። ሙጫው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ገጾች በብትን ይወጣሉ። ስኮች መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ይከለከል። ከዓመት በኋላ ይረግፋል፣ ቢጫ ማጣበቂያው ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በወስፌ ጎኑን በስቶ መስፋት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የውስጥ ኅዳግ ይበላል፣ መጽሐፉም ተዘርግቶ ስለማይቀመጥ ተማሪው እየተጫነ ይሰብረዋል።

የያዘልን ዘዴ፦ የድሮውን ሙጫ በቢላ ፍቆ ማስወገድ፣ ጀርባውን በአሸዋ ወረቀት ማሻከር፣ በሁለት ጣውላና በሞርሳ ማሰር፤ ከዚያ ገጾቹን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነጭ ኮላ መቀባት፣ ወደ ሌላው ጎን አዘንብሎ ደግሞ መቀባት። ማዘንበሉ ኮላው ከጀርባው አልፎ በየገጹ ጠርዝ ሚሊ ያህል እንዲገባ ያደርጋል። ኮላው ሳይደርቅ የጀርባውን ያህል ተቆርጦ በየጎኑ 2 ሳ.ሜ. የሚተርፍ አቡጀዲ ይለጠፍበታል። 24 ሰዓት በጡብ ሥር ይቆያል። ኮላውን ለማብዛት ውሃ መጨመር አያዋጣም፤ ወረቀቱ ያብጣል፣ የጎንደር ማለዳ ብርድም ማድረቁን ያዘገየዋል።

ጥር

ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ዝግ ነው። ሰርቨሩ በትእዛዝ ይጥፋ፣ ሶኬቱ ይነቀል።

ለጥምቀት የሚመጡ እንግዶች ስለ ፋሲል ግንብ አጭር ንባብ ይጠይቃሉ። 963 ላይ ያሉት መጻሕፍት አይዋሱም፣ ቀይ ነጥብ አላቸው፤ በከተማው ታሪክ ላይ ያለው ብዙው ከአንድ ቅጂ አይበልጥም።

የካቲት፦ ኢንተርኔት የማይፈልግ ሰርቨር

ራስቤሪ ፓይ 4 (መዳፍ የምታህል ትንሽ ኮምፒውተር)፣ 4 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ፤ በላዩ ኪዊክስ (ዊኪፔዲያ) እና ኮሊብሪ (የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ)። በራሱ ዋይፋይ ከጥቂት ስልክ በላይ ሲገናኝበት ይንቀራፈፋል፤ ከራውተር ጋር በኬብል ተያይዞ ዋይፋዩን ራውተሩ ሲሰጥ ተሻለ።

ኃይል፦ ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ብክነቱ ተቀንሶ 60 ያህሉ ይገኛል። ፓዩ 5 ዋት ቢወስድ 12 ሰዓት ነው። ራውተሩ ግን 12 ቮልት ስለሚፈልግ ለብቻው ማሳደጊያ ኬብል ያስፈልገዋል። ሁሉም ፓወር ባንክ እየተሞላ አይሰጥም፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ለቅጽበት የሚያቋርጥ ከሆነ ፓዩ ይነሣል፣ ካርዱም ይበላሻል። ከመግዛት በፊት ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅሎ መሞከር። ቀጭን የስልክ ኬብልም አይሆንም፤ ቮልቴጁ ይወርድና ማሽኑ ይንቀራፈፋል።

ያልጠበቅነው የስልኮቹ ጠባይ ነው። አንድሮይድ “ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም” ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል፤ ተማሪው ገጹ አልከፈት ሲለው ይተወዋል። ዳታ አጥፍቶ መግባት እንደሚያስፈልግ ጠረጴዛው ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ከዊኪፔዲያው ይልቅ የሚከፈተው የሒሳብ መልመጃው ነው።

ግንቦት፦ ወንበርና ሰዓት

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው የሚመጣው መጽሐፍ ለመዋስ ሳይሆን ተቀምጦ ለማጥናት ነው፤ ብዙው የራሱን ደብተር ይዞ ይመጣል፣ የሚፈልገው ብርሃንና ጸጥታ ነው።

ሒሳቡ፦ ከ63 ካሬ 20ው ለመደርደሪያና ለሠራተኛ ጠረጴዛ ይሄዳል። በቀረው 43 ካሬ፣ ለአንድ አንባቢ 2.3 ካሬ ቢሰጥ 18 ሰው ነው። ወደ 1.7 ዝቅ ሲል 25 ይሆናል፤ ከዚያ በታች ወንበር ሲሳብ ከኋላው ያለውን ይነካል። በረንዳው ላይ ሸራ ተዘርግቶ አግዳሚ ተጨመረ፤ እስከ ሰኔ ዝናብ ድረስ ይሠራል።

ቦታ መያዝ። ጧት ደብተር አስቀምጦ የሚሄድ አለ፤ ወንበሩ ተይዞ ባዶ ይውላል። ማስታወቂያ አልሠራም። ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት ምልክቶች ተዘጋጁ፦ ሲገባ መታወቂያ ሰጥቶ ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል። ከ30 ደቂቃ በላይ የጠፋ ሰው ደብተር ወደ ቦርሳ ማስቀመጫው ይወሰዳል፣ ወንበሩ ለተረኛ ይሰጣል። ጭቅጭቁ የበረታው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ከወንበር ይልቅ የሚጎዳው ሰዓቱ ነው። የመንግሥት ሰዓት 11:30 ያልቃል፣ ተማሪ የሚለቀቀው 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ለትርፍ ሰዓት የሚከፈል በጀት ስለሌለ የሥራ ሰዓቱ ተሸጋሸገ፤ ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ በ5 ሰዓት ገብቶ እስከ ማታ 2 ሰዓት ይቆያል። ለዚህ የኃላፊ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በፊርማ መዝገብ ላይ አርፋጅ ይባላል። ማታ የሚቆየው ሠራተኛ ብቻውን ስለሆነ ከ11:30 በኋላ ማዋስ የለም፣ ማንበብ ብቻ።

ሰኔ፦ ግዥ

በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተገዛው ተመላሽ ነው። የመጽሐፍ ግዥ በሦስት ፕሮፎርማ ሲሄድ ችግር አለው፦ አንዱ መጽሐፍ ቤት ያለው ሌላው ጋ የለም፣ ሦስቱም የሞሉት ዝርዝር አይገኝም። የሚፈለጉት በአንድ ረጅም ዝርዝር ፋንታ በሦስት አጫጭር ሎት (ማጣቀሻ፣ ልብ ወለድ፣ የሕፃናት) ተከፍለው፣ ውድድሩም በየሎቱ እንዲሆን ተጠየቀ። በስፔሲፊኬሽኑ ላይ ርዕስ ብቻ ከተጻፈ የድሮ እትም ይመጣል፤ እትምና የታተመበት ዓመት ይጨመር፣ “ፎቶ ኮፒ ተቀባይነት የለውም” የሚል መስመርም አይቅር።

የዘንድሮው ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል መማሪያ ከየትምህርቱ 4 ቅጂ፣ የሕፃናት አማርኛ በጠንካራ ሽፋን፣ 5 ኪሎ ነጭ ኮላ፣ 10 ሜትር አቡጀዲ፣ ዩኤስቢ ያለው ዩፒኤስ 1። አዲስ መደርደሪያ አልተጠየቀም፤ የሚቆምበት ቦታ የሚገኘው ከወንበሩ ተቀንሶ ነው።